ዋስህ ማነው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። «ብራዚል ኑሮ ርካሽ ነው ይባላል፤ እውነት ነው? ከሳኦ ፓውሎ ወጣ ብሎ ቤት በስንት ይገኛል?» ባለፈው ሳምንት የጻፈልኝ ልጅማ ሒሳቡን ጨርሶ ነው የላከልኝ። ኪራይ ይህን ያህል፣ አስቤዛ ይህን ያህል፣ ትራንስፖርት ይህን ያህል። ከሥር ደምሮ «ይበቃኛል አይደል?» ይላል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በ2022 እዚሁ ቻናል ላይ «በትንሽ ብር እንደ ጌታ መኖር» የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። የጓሮ ፓፓያ፣ የእሑድ ገበያ፣ ርካሽ ኪራይ፣ ምኑ ቅጡ። ሰዉ እስከ ዛሬ እሱን እየተቀባበለ ያነበዋል። የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው የነበረው። ዛሬ ሌላውን ግማሽ ልጻፈውና ዕዳዬን ልክፈል። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡ ደግሞ የብራዚል ሬያል ነው፣ ከሳዑዲው ሪያል ጋር እንዳይምታታባችሁ።

የምኖረው ሱዛኖ በምትባል ከተማ ነው። ከሳኦ ፓውሎ በስተምሥራቅ ናት፤ ከመሃል ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። 300 ሺህ የሚሆን ሕዝብ አላት። ብራዚል ሲባል በአእምሯችሁ የሚመጣው ባሕርም ጭፈራም የላትም። ፋብሪካ አለ፣ የአትክልት እርሻ አለ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ቀይ የሸክላ ቤት በየኮረብታው ተደርድሯል፣ ባቡር ጣቢያ አለ። ጎህ ሳይቀድ ሕዝቡ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይፈሳል፣ ማታ ይመለሳል። እዚህ ሰዎች እንዲህ ያለውን ከተማ «የመኝታ ከተማ» ይሉታል። ለአዲስ አበባ ሰው በቡራዩና በሰበታ ማስረዳት ይቀላል፤ ሥራው እዚያ፣ አልጋው እዚህ።

ባቡሩ 11ኛው መስመር ነው። ከሞጂ ዳስ ክሩዚስ ተነሥቶ በሱዛኖ፣ በጉዋያናዚስና በኢታኬራ በኩል ብራስና ሉዝ ይደርሳል። በዚህ ሐዲድ ዳር የሰፈረው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ጃፓኖች በ1908 ካሳቶ ማሩ በምትባል መርከብ ሳንቶስ ወደብ ወርደው መጀመሪያ የተወሰዱት ወደ ቡና እርሻ ነበር። በኋላ በርካታ ጃፓናውያን ቤተሰቦች በሱዛኖና በሞጂ አትክልት እያመረቱ ሳኦ ፓውሎን መመገብ ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ ድርቅና ድህነት የገፋቸው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ሰዎች መጡ፤ መሃል ከተማ ኪራይ ያልቻሉት ሐዲዱን ተከትለው እየራቁ ሰፈሩ። እኔም በመጨረሻ መጣሁ። በከተማዋ ሌላ ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም።

ብራዚል የገባሁት ለትምህርት ነው። ሱዛኖ የገባሁት ግን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ በ2022፣ ርካሽ ቤት ፍለጋ ነው። ያኔ ለአንድ የውጭ ድርጅት በኮምፒዩተር ትርጉም እሠራ ነበር። በወር 900 ዶላር ያህል አገኛለሁ። አንድ ዶላር ወደ 5 ሬያል ይመነዘራል፤ 4,500 ሬያል ማለት ነው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 1,212 ሬያል ነበር። ጎረቤቶቼ ከዚያ እምብዛም ባልራቀ ገንዘብ ልጅ ያሳድጋሉ፤ እኔ ብቻዬን የሦስት ተኩል ሰው ደመወዝ ይዤ ተቀምጫለሁ።

የተከራየሁት ከአንድ ሽማግሌ ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ነው፤ እኛ ሰርቪስ የምንለው ዓይነት። ኪራዩ 700። ሰውየው ምንም አልጠየቁኝም። የሦስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ቆጥሬ ስሰጣቸው ቁልፉን ሰጡኝ፣ አለቀ። ወረቀት የለም፣ ዋስ የለም። በልቤ «እንዴት ደግ ሕዝብ ነው!» ብዬ አደነቅሁ። ዋሴ ዶላሩ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ያኔ የነበረኝን ኑሮ አልክድም፤ ጥሩ ነበር። በሦስት ሰዓት እነሣለሁ። እሑድ እሑድ መንገዱ ተዘግቶ የሚቆመው ገበያ ላይ ፓስቴል የሚባለውን፣ የእኛን ሳምቡሳ የሚመስል ጥብስ፣ ከሸንኮራ ጭማቂ ጋር እበላለሁ። አቮካዶን በስኳር ሲበሉ ሳይ እንደ አገሬ ልጆች አየኋቸው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የባቡሩ ድምፅ በእንቅልፍ ልቤ ይመጣል። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ማን እንደተሳፈረበት አስቤ አላውቅም።

በ2023 መጨረሻ ድርጅቱ ውሌን አላደሰም። ትርጉሙን ለማሽን ሰጥተው እርማቱን ለሁለት ሰዎች አካፈሉት፤ እኔ ከሁለቱ አልነበርኩም። በዚያው ሰሞን አከራዬ ሽማግሌ ዐረፉ። ልጆቻቸው ግቢውን ሊሸጡ ተስማሙ። በክፉ ዓይን አላየኋቸውም፤ ሦስት ወር ሰጡኝ። ቁጠባ ነበረኝ፣ አብዛኛው ግን ለእናቴ ሕክምና አገር ቤት ሄዷል። በእጄ የቀረው 900 ሬያል ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ብራስ ነው። ብራስ የሳኦ ፓውሎ መርካቶ በሉት፤ የልብስ ጅምላ ንግድ ሰፈር። የቦሊቪያ ሰው ይሰፋል፣ የአንጎላ ሴቶች በሻንጣ ይገዛሉ፣ ነጋዴው ከመላ ብራዚል በሌሊት አውቶቡስ ይመጣል። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ በ1887 ሥራ የጀመረው ትልቁ የስደተኞች ማረፊያ ሕንፃ አለ። ባርነት በ1888 በሕግ ሲቀር፣ የቡና ባለእርሻዎቹ ከጣሊያንና ከሌላም አገር ያስመጡት ሠራተኛ እዚያ አርፎ ነበር ወደ እርሻው የሚላከው። አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ ከግቢው በከፊል ግን እስከ ዛሬ ማደሪያ የሌላቸው ሰዎች ያድሩበታል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ የቡና አገር ልጅ ሆኜ ቡና ያስመጣቸው ሰዎች ያለፉበትን በር ማየቴ ይገርመኛል።

የቀጠረኝ ሱቅ 1,600 ሬያል በእጅ ይከፍለኝ ነበር። የሥራ ደብተሬ ላይ ሳይፈረም፣ ማለትም ያለ ውል። ሳምንቱ ስድስት ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ዕረፍት። ዶላር ሳገኝ የማውቃቸው ሰዎች «ኤክስፓት» ይሉኝ ነበር። በሬያል መሥራት ስጀምር «ስደተኛው» ሆንኩ። ፓስፖርቴም ያው ነው፣ ሰፈሬም ያው ነው።

አሁን ሒሳቡን ለጠየቀኝ ልጅ ልሥራለት።

ከሌሊቱ አሥር ተኩል እነሣለሁ። ለከተማ አውቶቡስ ላለመክፈል ጣቢያው ድረስ 25 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ባቡሩ ሱዛኖ ሲደርስ ወንበሩ ተይዟል፤ ጉዋያናዚስ ላይ ደግሞ እጅህን ካወረድክ መልሰህ አታነሣውም። ከዚያ ብራስ። ደርሶ መልስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በወር 26 ቀን አባዙት፤ 78 ሰዓት። የብራዚል ሕጋዊ የሥራ ሳምንት 44 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየወሩ ወደ ሁለት የሥራ ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ በባቡርና በእግር መንገድ ላይ፣ ያለ ክፍያ እሠራለሁ ማለት ነው። በ2024 የባቡሩ ዋጋ ለአንድ ጉዞ 5 ሬያል ነበር፤ በወር 260። ኪራይ 800 (ስለ አዲሱ ቤት እመጣበታለሁ)። ለምግብ፣ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለስልክ፣ ለጋዝ 540 ቀረ። አንድ ሲሊንደር ጋዝ ብቻ ከ100 ሬያል በላይ ነው።

ቤቱ ርካሽ የሆነው ሩቅ ስለሆነ ነው። የጎደለውን ኪራይ በእንቅልፍህ ትከፍለዋለህ። ቤቱ ተቀምጠህ በዶላር የምትሠራ ከሆነ ይህን ክፍያ አታውቀውም፣ ለዚህ ነው «ርካሽ» የምትለው። ጎረቤትህ ግን ሠላሳ ዓመት ሲከፍለው ኖሯል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። ብራዚል ለሠራተኛ የሚያዝን ሕግ አላት። ውል ያለው ሠራተኛ ለመጓጓዣው ከመነሻ ደመወዙ ከ6 በመቶ በላይ አይከፍልም፤ የቀረውን ቀጣሪው ይሸፍናል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ውል የሚሰጠኝን ሥራ ፍለጋ አንድ መጋዘን ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሥራት እንደምችል አልነበረም፤ የት እንደምኖር ነው። «ሱዛኖ» ስለው በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ «እንደውላለን» አለኝ። ለሩቅ ሰው የተጻፈው ሕግ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሩቅ ሰውን ላለመቅጠር ምክንያት ሆነ።

ወደ ቤቱ ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚያ ነው።

ሽማግሌው ዐርፈው ቤት ስፈልግ፣ በሰፈሩ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ 800 ሬያል የሆነች ባለ ሁለት ክፍል አገኘሁ። የምታከራየው አስተናጋጅ ድርጅት ነበር። ወረቀቶቼን አገላብጠው፣ ቅር ሳይላቸው ጠየቁኝ፦ «ፊያዶር አለህ?»

ፊያዶር ማለት ዋስ ነው። የብራዚል የኪራይ ሕግ ከሚፈቅዳቸው መያዣዎች በብዛት የሚጠየቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሕጉ ገድቦታል። የእኔ 2,400 ይሆናል፣ በእጄ ያለው 900 ነው። ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው፤ በየዓመቱ ይከፈላል፣ አይመለስም፣ ገቢህንም በወረቀት አስረዳ ይልሃል። በእጅ የሚከፈለኝ ሰው ምን ወረቀት አለኝ? ሦስተኛው ፊያዶር ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ቤት ያለው ሰው መጥቶ «እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርምልህ።

«ዋስ» የሚለው ቃል እኛ ቤት ከባድ ቃል ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር። ለአንድ የሥራ ባልደረባው የብድር ዋስ ሆኖ ሰውየው ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ደመወዝ ተቆረጠ። የዚያን ሁለት ዓመት የእናቴን ዝምታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ምክር ብቻ ደጋግሞ ነበር የሚሰጠን፦ «ገንዘብህን ስጥ፣ ስምህን ግን አትስጥ።» ይህን ሰምቼ ያደግሁ ሰው በባዕድ አገር ማንን ሄጄ «ስምዎን ይስጡኝ» እላለሁ? አስተናጋጁን አመስግኜ ወጣሁ።

ከግቢያችን ፊት ለፊት አንዲት እናት አሉ። እዚህ ትልቅ ሴት «ዶና» ተብላ ነው የምትጠራው፤ የእኛ «እትዬ» መሆኑ ነው። ስማቸውን ስለማልጽፍ እትዬ ልበላቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ባላቸው ሞተዋል። ሁለት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ያደረግሁላቸው ነገር ቢኖር ጋዝ ሲመጣ ሲሊንደሩን ተሸክሜ ማስገባት ነው። እቃዬን በካርቶን ሳስር አይተው መንገዱን ተሻግረው መጡ። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የፊያዶሩን ነገር አወራኋቸው። ለወሬ ያህል ነበር።

«የእኔ ቤት እኮ ወረቀት አለው» አሉ።

አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ እንቢ አልኩ። ቡና አምጥተው ተቀመጡና ስለ ቤታቸው ያወሩኝ ጀመር።

ከባሕያ የመጡት በልጅነታቸው፣ በአውቶቡስ፣ ከታላቅ እህታቸው ጋር ነው። ያገቡት ሰው የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። መሬቱን በትንሽ በትንሽ ከፍለው ገዙት። ከዚያ በየወሩ ጥቂት ሸክላ፣ ጥቂት ሲሚንቶ። መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ልጅ ሲወለድ ሌላ ክፍል። ኮንክሪቱ ጣሪያ የሚሞላበት ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል። ወንዶቹ ሲሚንቶ በባልዲ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፣ ሴቶቹ በትልቅ ድስት ባቄላ ከሥጋ ጋር ይቀቅላሉ፣ ሲያልቅ ይበላል፣ ይጠጣል። ሙቺራው ይሉታል። እኔ «ደቦ ነዋ!» አልኩ በአማርኛ፣ ሳላውቀው። ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። እትዬ ቃሉን ሁለት ጊዜ አሉትና ሳቁ። በዚያ ሰፈር ብዙው ቤት እንዲህ ነው የተሠራው፤ ባንክ ሳያውቀው፣ በእሑድ።

ከዚያ ወዲያ «ለእኛም ጣሪያ የሞሉልን ሰዎች ወረቀት አላስፈረሙንም» አሉኝ።

ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሕጉን አነበብኩ። በ1990 የወጣ ሕግ አለ፦ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ለአብዛኛው ዕዳ ተብሎ አይሸጥም። ለድሃ ትልቅ ጋሻ ነው። ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ከነዚያ አንዱ ለኪራይ ፊያዶር የሆነ ሰው ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2006 ይህን ትክክል ነው ብሎ ወስኗል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኪራዩን ያልከፈለው ተከራይ የራሱ መኖሪያ ቤት ቢኖረው ሕጉ ያስጥለዋል። የፈረመለትን ሰው ቤት ግን አያስጥልም።

ጠዋት ሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ስልኬን አውጥቼ አንቀጹን አነበብኩላቸው። «እትዬ፣ እኔ ባልከፍል ይህን ቤት ሊወስዱብዎት ይችላሉ» አልኳቸው። ልጃቸው እዚያ ነበረች። ከእኔ ትንሽ ታላቅ ናት፤ ነርስ ናት። ወደ ውጭ ጠራችኝና በትሕትና፣ ግን ፊት ለፊት፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተን አልጠላህም። ግን ይህ ቤት የአባቴ ሠላሳ ዓመት ነው። አንተ ነገ አውሮፕላን ተሳፍረህ ብትሄድ እኛ የት እንሄዳለን?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። የእኛ አውሮፕላን ከ2013 ጀምሮ ሳኦ ፓውሎ ጓሩሊዮስ ያርፋል፤ ትኬት ቆርጦ መጥፋት ለእኔ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አባቴን ያስከፈለው ሰውም የጠፋው እንዲሁ ነው።

እትዬ ግን ውሳኔያቸውን አልለወጡም። በሳምንቱ ካርቶሪዮ፣ ማለትም ውልና ማስረጃ፣ አብረን ሄድን። ፈረሙ። ልጅቷ ሁላችንንም በመኪናዋ አድርሳ መለሰችን፤ ስትመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የ2024 መጀመሪያ ወራት ብራዚል በደንጊ ትኩሳት የተመታችበት ጊዜ ነው። በዓመቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠርጥሮ ተመዝግቧል። በሚያዝያ እኔም ያዘኝ። አጥንት የሚሰብር የሚሉት በከንቱ አይደለም። ሕክምናው ነፃ ነው፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ማንንም፣ የውጭ አገር ሰውንም፣ ሳያስከፍል ያክማል። የሰፈሩ የጤና ሠራተኛም ቤቴ ድረስ መጥታ አይታኛለች። የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስታወሰችኝ፤ ቦርሳዋ ሳይቀር። ለዚህ ብራዚልን አመሰግናለሁ። ግን ውል የሌለው ሰው ሲተኛ ደመወዙም አብሮት ይተኛል። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። የወሩ ኪራይ 20 ቀን ዘገየ።

እትዬ በየቀኑ የዶሮና የሩዝ ሾርባ በድስት ይዘው ይመጡ ነበር። ስለ ኪራዩ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ትንሽ ስድን ድስቱን ልመልስ ሄድኩ። ኩሽና ገብቼ ሳስቀምጥ ፍሪጁ በር ላይ፣ ከቅዱስ ሥዕል ሥር፣ የአስተናጋጁ ድርጅት ደብዳቤ ተለጥፏል። ስሜም ስማቸውም አለበት። ቀኑን አየሁት፤ ከዘጠኝ ቀን በፊት ደርሷቸዋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያንን እያዩ ነው ሾርባ ያመላለሱት።

የዚያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት ልገልጸው አልችልም። አባቴ ፊቴ ላይ የቆመ መሰለኝ። ማታውኑ ላፕቶፔን ለሰፈሩ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሸጥኩ። ወደ ዶላር እመለስበታለሁ ብዬ የያዝኩት የመጨረሻ ዕቃ እሱ ነበር። በማግሥቱ ኪራዩን ከነቅጣቱ ከፍዬ ደረሰኙን ለእትዬ ወሰድኩ። ደብዳቤውን ከፍሪጁ ላይ ነቅለው ደረሰኙን በቦታው ለጠፉት። ሌላ ንግግር አልነበረም።

በነሐሴ ደህና ቀጣሪ አገኘሁ፤ እዚያው ብራስ፣ ግን በተፈረመ ደብተር። ውል ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የመጓጓዣውን አብላጫ ድርጅቱ ይከፍላል። ብታመም ደመወዜ አይቆምም። በዓመቱ መጨረሻ 13ኛ ደመወዝ አለ፤ ከ1962 ጀምሮ ሕግ ነው። የሥራ ባልደረቦቼን እንዲህ እያልኩ አስቃቸዋለሁ፦ እኛ 13ኛ ወር አለን፣ ደመወዝ የለውም፤ እናንተ 13ኛ ደመወዝ አላችሁ፣ ወር የለውም። በ2025 አጋማሽ 2,400 ሬያሏ ሞላች። አስተናጋጁ ጋ ሄጄ መያዣውን በተቀማጭ ቀየርኩና የእትዬን ስም ከውሉ አስወጣሁ። አዲሱን ወረቀት መጀመሪያ ያሳየሁት ለልጃቸው ነው። አነበበችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እናቴ እንዳትቀየምህ» አለችኝ። እትዬ በእርግጥ ትንሽ ተቀይመው ነበር። «አላመንኩህም እንዴ?» አሉኝ።

ስለ ማመን አልነበረም። ስማቸው በእኔ ትከሻ ላይ እያለ ባቡር ውስጥ አንድም ቀን በሰላም ቆሜ አላውቅም።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ልጅ፣ ለሌሎቻችሁም፣ መልሴ ይህ ነው። አዎ፣ የቤት ኪራዩ ከብዙ አገር ይረክሳል። ገቢህ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ እንደ እኔ የመጀመሪያ ዓመታት ደስ ብሎህ ትኖራለህ፤ ኑርበት፣ ምቀኝነት የለብኝም። ግን ያንን ገቢ አንድ ኢሜይል ያቆመዋል። የዚያን ዕለት ኪራዩ ያው ሆኖ አንተ ሌላ ሰው ትሆናለህ። ስለዚህ በሠራኸው ዝርዝር ላይ ሦስት ነገር ጨምርልኝ። የሦስት ወር ኪራይ ከማትነካው ቦታ አስቀምጥ። ሥራ ስትይዝ በአምስት መቶ ሬያል ብትቀንስም የተፈረመ ደብተር ያለውን ምረጥ። ቤት ስታይ ኪራዩን ብቻ አትጠይቅ፤ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቅና በ26 አባዛው።

ከዝርዝሩ የማይገባውንም ልንገርህ። ጎረቤት ይኑርህ። እኔ ሁለት ዓመት በዶላር ስኖር ከፊት ለፊቴ ያሉ ሰዎች በስንት ሰዓት እንደሚወጡ አላውቅም ነበር። ያን ሲሊንደር ባልሸከም ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ስንል ኖረናል፤ እኔ ግን የሩቁ ዘመድ ራሴ ሆኜ የኖርኩባቸው ዓመታት አሉ።

አባቴንም አሰብኩት። ምክሩ ስህተት ነው አልልም፤ የተጎዳ ሰው ምክር ነው። ባለፈው ስደውል የእትዬን ነገር ሁሉ አጫወትኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ከፈልክ?» አለኝ። «ከፈልኩ» አልኩት። «ስማቸውን አወጣህ?» አለኝ። «አወጣሁ።» ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ቆየና «ሰላም በልልኝ» አለ።

እሑድ ገበያው ሊነሣ ሲል፣ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሻጮቹ የተረፋቸውን በግማሽ ዋጋ ይጥላሉ። ሼፓ ይሉታል። እትዬ ሌላ ሰዓት ገበያ አይወጡም። ዕረፍቴ እሑድ ሲውል ዘንቢላቸውን እኔ ነኝ የምይዝላቸው። የአባቴን ሰላምታ ያደረስኩላቸው የቲማቲም ክምር አጠገብ ነው። አባቴ አስተማሪ መሆኑን ሲሰሙ ቲማቲሙን መምረጥ ትተው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር ጠየቁኝ።

መልካም ሳምንት ቤተሰብ። ጥያቄያችሁን እንደ ልማዳችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አሁን ግን መልሱ ይረዝማል።